ከግድቡ ዳር ይመጣ የነበረው ሰላምታ

«የታከለን ስም ዝለዪው በያት፤ ማንም ልብ አይለውም» አለ አባቴ ይስራኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እማማ ልብ ትላለች» አለች አክስቴ ኦሸራት። «ሰው ሲቆጠር ጣቷን እያጠፈች ነው የምታዳምጥ። አንድ ጣት ከተረፈባት ትጠይቃለች።»

«እንግዲያው ካሉት ጋር ይጠራ።»

«ልጅህ መቃብር ላይ ቆማ የሞተውን ሰው አለ ብላ ታንብብ? በአባባ ሬሳ ፊት?»

«ዳይ፣ በቃ፣ ኦሸራት። የእማማን ልብ ታውቂዋለሽ። ለዛሬ አንድ ሞት ይበቃታል።»

«እኔም የምለው አንድ ጊዜ አልቅሳ ይውጣላት ነው። ደግሞስ ከእንግዲህ ሰላምታውን ማን ሊያመጣላት ነው? አንተ ዓሣ ልታጠምድ ነው? ትል ስታይ የምትሸሽ ሰውዬ?»

እኔ ስለማነበው ጽሑፍ የተነሣው ይህ ጭቅጭቅ ዛሬ ጧት ከቤታችን ደረጃ ላይ የሆነ ነው። የአያቴን የአቶ አዝመራው ታየን ቀብር ለማክበር የመጣችሁ ዘመዶችና ወዳጆች፣ የአንድ ሰው ዜና ሕይወት በእንዲህ ያለ ነገር እንደማይጀመር አውቃለሁ። ነገር ግን ከልደታቸው ጀምሬ ብጽፍ ብጽፍ ነገሩ ሁሉ ወደዚሁ እየዞረ ስላስቸገረኝ፣ የቤተሰባችን ሽማግሌ አባባ ሸዋርካብም «እንደ ሆነው አድርገሽ አንብቢው» ስላሉኝ፣ እንደ ሆነው አነበዋለሁ። የምስተው ቢኖር ይቅር በሉኝ፤ ብዙው ነገር ለእኔም አልገባኝም።

አቶ አዝመራው ከአባታቸው ከአቶ ታየ ወርቁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትብለጥ፣ በጎንደር ክፍለ ሀገር በደምቢያ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙ በማይርቅ መንደር ተወለዱ። ዘመኑን እርሳቸው «አንበጣው ከወረደ በኋላ» ይሉት ነበር፤ በመታወቂያቸው ላይ ያለው ቀን ግን እዚህ አገር ሲገቡ አንድ ጸሐፊ ገምቶ የሰጣቸው ስለ ሆነ፣ የልደት ቀን ነው ብለን ኬክ ስናቀርብላቸው ሁልጊዜ «የማን?» ብለው ይጠይቁን ነበር።

አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። ለገበሬው ማረሻና ማጭድ፣ ለሐይቁ አጥማጆች ደግሞ መንጠቆ ይሠሩ ስለ ነበር፣ አቶ አዝመራው በልጅነታቸው ወናፍ ሲነፉ፣ ጣታቸውም ቀጭን ነውና የመንጠቆውን ጫፍ ሲስሉ አደጉ። እጅግ ብዙ መንጠቆ ሠርተው፣ ከውሃ ውስጥ አንድ ዓሣ እንኳ አውጥተው እንደማያውቁ በኋላ ዘመናቸው እየሳቁ ይናገሩት ነበር። ትምህርትን በተመለከተ፣ ከመንደራቸው መምህር ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ኦሪትን ማንበብ ለምደው፣ መንግሥት ትምህርት ቤትም ገብተው ሦስተኛ ክፍል እንደ ደረሱ፣ አባታቸው ዓይናቸውን ስለ ታመሙ ሥራውን ለመያዝ ሲሉ አቋረጡ። ለእኔ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ይህን እንድጽፍ የታዘዝሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለአቅመ አዳም ሲደርሱ፣ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ፣ ከአጎራባች መንደር ከወይዘሮ አምሳለ ጋር ተጋቡ። ወይዘሮ አምሳለ እናታቸው በወሊድ ስለ ሞቱባቸው ታናሽ ወንድማቸውን ታከለን አዝለው ያሳደጉ ነበሩና፣ እርሳቸው ተድረው ሲሄዱ ሕፃኑ አልበላም አልተኛም ስላለ፣ ዘመዶች በሠርጉ ሳምንት አምጥተው ከሙሽሮቹ ቤት ጥለውት ሄዱ። የመንደሩ ሰው «አዝመራው ሚስት ከነልጇ አገባ» እያለ ቢቀልድባቸውም፣ አቶ አዝመራው ቀልዱን አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ራሳቸው ይደግሙት ነበር ይባላል። ስለዚህ አያቴ መጀመሪያ አባት የሆኑት ለታከለ ነው ማለት ይቻላል። የአብራካቸው ክፋይ የሆነው አባቴ የተወለደው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ታከለ ጎልምሰው ትዳር ከያዙ ወዲህ ነበር።

ወገኖቻችን ቤተ እስራኤል ወደዚህ አገር ለመምጣት ወደ አዲስ አበባ በወረዱበት ጊዜ አቶ አዝመራው ባለቤታቸውንና አባቴን ይዘው ወጡ። አቶ ታከለ ግን ቀደም ሲል ክርስትና ከተነሣ ቤተሰብ አግብተው፣ ራቅ ካለ አገር በሚስታቸው ወገኖች ዘንድ ይኖሩ ስለ ነበር፣ «እናንተ ቅደሙ፤ እከተላለሁ» የሚል መልእክት ልከው ቀሩ። አያቶቼ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን እዚህ እስራኤል ገቡ፤ አቶ ታከለ በኋላ ጎንደር ከተማ ወርደው፣ ቤት ተከራይተው፣ ተራቸውን ይጠብቁ ጀመር። ተራው አልደረሳቸውም። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ለእኅታቸው ስልክ ይደውሉ ነበር፤ በዚያ ሰዓት በቤታችን ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ማንም ሰው ሻወር አይገባም፣ ሁሉም ፀጥ ይላል።

አቶ አዝመራው በቤር ሼቫ ከተማ፣ ከታሃና መርካዚት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር ቤት ተሰጥቷቸው፣ አክስቴ ኦሸራትም እዚሁ ተወልዳላቸው፣ የብረት በር በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በብየዳ ሥራ አገለገሉ። ዛሬ እዚህ የቆሙት አቶ ኒር በዚያ ፋብሪካ አለቃቸው ነበሩ፤ ራሞት በሚባለው ሰፈር ትልቅ ቤት እያላቸው በየሳምንቱ መጨረሻ ድንኳን ውስጥ መተኛት የሚወዱ ሰው ናቸው። ከለሃቪም ከተማ ወዲያ ባለው ግድብ ዓሣ እንዲያጠምዱ አያቴን ብዙ ጊዜ ጋብዘዋቸው ነበር። አያቴም ብዙ ጊዜ «ቤት ያለው ሰው ለምን ሜዳ ላይ ያድራል?» ብለው መልሰውላቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወይዘሮ አምሳለ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ገና ሆስፒታል ሳሉ፣ ከጎንደር ስልክ ተደወለ። የደወለው ግን አቶ ታከለ አልነበሩም። በአጭር ሕመም ማረፋቸውንና መቀበራቸውን የነገሩን ጎረቤታቸው ናቸው።

ከእኛ ጋር የቆማችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው ላታውቁት ትችላላችሁና፣ በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ ወይም በመንገድ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጧት በማለዳ ሄደው፣ ሐዘንተኛውን ከግራና ከቀኝ ሰው አስቀምጠው፣ መጀመሪያ «ታመዋል» ብለው፣ ቀስ እያሉ ነው የሚያረዱት። ያ እስኪሆን ድረስ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል፣ ዕንባውንም ይሰውራል። አቶ አዝመራው፣ አባባ ሸዋርካብ፣ አባቴና አክስቴ ተሰብስበው፣ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይደርስባቸው ስላለ፣ ወይዘሮ አምሳለ እስኪጠነክሩ ይቆይ ብለው ወሰኑ። ሲጠነክሩ ፋሲካ ደረሰ፤ በበዓል መርዶ አይነገርምና ከበዓሉ በኋላ ይሁን ተባለ። ከበዓሉ በኋላ የደም ግፊታቸው ከፍ አለ። ከዚያ አንዲት የልጅ ልጅ ልትዳር ሆነ። ከዚያ የሲግድ በዓል መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ የዘገየ ነገር ይበልጥ ለመናገር እያስቸገረ ሄደ።

ወይዘሮ አምሳለ ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር ይጠይቁ ነበር። ጎንደር መንገዱም ኔትወርኩም ተዘጋግቷል እየተባለ ጥቂት ጊዜ ታለፈ። በዚህ መካከል ነው አቶ አዝመራው በድንገት አቶ ኒርን «እመጣለሁ» ያሏቸው። ሐሙስ ለሃቪም ድረስ በባቡር ሄደው፣ አቶ ኒር ከጣቢያው በመኪና ተቀብለዋቸው፣ አንድ ሌሊት ግድቡ ዳር አድረው፣ ዓርብ ሁለት ዓሣ ይዘው ተመለሱ። ወይዘሮ አምሳለ ዓሣውን ሳያዩ «ታከለ ደወለ?» አሏቸው።

«አዎን፣ ደወለልኝ» አሉ አቶ አዝመራው ጫማቸውን እያወለቁ። «እግድቡ ዳር ሳለሁ። እዚያ ኔትወርኩ ጥሩ ነው። ሰላም በላት ብሏል።»

አባቴ በዚያ ሰዓት እዚያው ነበረ። ለምን እንዲህ እንዳሉ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። አባቴ በኋላ ለብቻቸው ሲጠይቃቸው «አፌ ላይ መጣ» ብቻ ብለውታል። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ታከለ ከግድቡ በቀር ወደ ሌላ ቦታ የማይደውሉ ሰው ሆኑ። ወይዘሮ አምሳለም ሜዳ ላይ ማደርን እንደ ነውር የሚቆጥሩ፣ የዓሣ ሽታ ቤት ሲገባ መስኮት የሚከፍቱ ሲሆኑ፣ ሐሙስ ሐሙስ ዳቦና ቆሎ ቋጥረው፣ ሹራብ ደርበው፣ ባለቤታቸውን ራሳቸው ከበር ይሸኙ ጀመር። መልእክትም ይልኩ ነበር። «እግሩን ማታ ማታ በቅቤ ይታሸው በለው።» «ልጁ ሰባት ቤት ሳያስቆጥር እንዳያገባ ንገረው።» አቶ አዝመራውም ዓርብ መልሱን ይዘው ይመጡ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ የሚናገሩት ቢያጡ ነው መሰለኝ፣ «የታከለ ፍየል ወለደች» አሉ።

ወይዘሮ አምሳለ ቀና አሉ። «ከተማ መካከል? ደግሞ በኪራይ ቤት ፍየል?»

«አከራይዋ ፈቀደችለት።»

«ምን ዓይነት አከራይ ናት?»

«ደግ ናት አለኝ» አሉ አቶ አዝመራው።

ከዚያ በኋላ ፍየሊቱ በቤታችን ውስጥ እንደ አንድ ሰው ኖረች። ስንት እንደ ወለደች፣ ጎረቤት እንደ ነከሰች፣ የአከራይዋን ቀሚስ እንደ በላች ሰምተናል። ወይዘሮ አምሳለ በፍየሊቱ ነገር ዕንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። አክስቴ ኦሸራት ግን አባቷን ወጥ ቤት ውስጥ ይዛ «አባባ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብህ፣ ይቺን ፍየል ግደላት፤ እያሰፋኸው ነው» ስትላቸው፣ እርሳቸው «ምን አደረገችሽ?» ብለው ተቆጡ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋብኝ።

ስለ ዓሣው የሚያውቁት አቶ ኒር ናቸው። ትናንት እንደ ነገሩን፣ አያቴ ከሱቅ የተገዛ መንጠቆ አይወዱም ነበርና ከብየዳ ሽቦ የራሳቸውን ይሠሩ ነበር። ሊጥና የበቆሎ ፍሬ ሰክተው፣ ዘንጉን በድንጋይ አስደግፈው፣ ዝም ብለው ውሃውን ይመለከታሉ። የሚበላው ባለ ቅርፊቱ ዓሣ ሲያዝ ለቤት ያስቀምጡታል፤ ቅርፊት የሌለው አምባዛ ሲያዝ ግን፣ ለእኛ አይፈቀድምና፣ «አንተ ዕድለኛ» እያሉ ወደ ውሃው ይመልሱታል። ጎሕ ሲቀድ ከድንኳኑ ወጥተው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በግድቡ ዳር ወዲያና ወዲህ እየሄዱ በአማርኛ ያወራሉ። ይጠይቃሉ፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ረጅም ሰዓት ያለቅሳሉ።

«ከወንድማቸው ጋር ነበር የሚያወሩት» አሉ አቶ ኒር።

«ኔትወርኩ ጥሩ ነው አይደል እዚያ?» ብላ ጠየቀቻቸው አክስቴ።

አቶ ኒር ግራ ተጋብተው አዩዋት። «እዚያ ስልክ ጭራሽ አይሠራም። እኔ ለሚስቴ ለመደወል ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። የእርሳቸው ስልክ ሌላ ዓይነት ነው ብዬ ነበር የማስበው።»

አያቴ መርዶውን ለባለቤታቸው ለመደበቅ ሄደው ይሆን፣ ወይስ እርሳቸውም አዝለው ያሳደጉትን ሰው የሚያለቅሱበት ቦታ አጥተው፣ እኔ አላውቅም። አባቴ አንዱን ይላል፣ አክስቴ ሌላውን ትላለች፣ ሁለቱም በየቀኑ ይቀያየራሉ።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ልጆቻቸው በዚህ ብርድ አትሄድም ብለው ተቆጧቸው። አባቴ የድንኳኑን ከረጢት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ነገር ግን ወይዘሮ አምሳለ የአንድ ዘመድ ሠርግ ስለ ነበረ ታከለ እንዲሰማ ፈልገው ነበርና፣ አቶ አዝመራው ድንኳኑን ትተው፣ ጃንጥላ ብቻ ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ይንቀጠቀጡ ነበር። የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ ሆስፒታል ገብተው ቢታከሙም እየደከሙ ሄዱ።

በሆስፒታል ሳሉ ወይዘሮ አምሳለ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ እንደ ልማዳቸው፣ ስለ ታከለ ጠየቁ። አቶ አዝመራው ኦክስጅኑን ከአፋቸው አንሥተው «ፍየሊቱ ታማለች» አሉ። በሌላው ቀን ደግሞ ሳይጠየቁ «ፍየሊቱ ሞተች» አሉ። ወይዘሮ አምሳለ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻቸው ሳቡላቸው። እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ሆኜ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ነው ዛሬ ጧት አባቴ «አባባ እኮ በራሱ መንገድ ነግሯታል» ያለው፤ አክስቴም «ስለ ፍየል ነው የነገራት፣ ፍየል መርዶ ይሆናል እንዴ?» ብላ የመለሰችለት።

አቶ አዝመራው ታየ ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከአጠገባቸው ሳሉ፣ በጸጥታ ዐረፉ። በሥራቸው ትጉ፣ በንግግራቸው ቁጥብ፣ ለዘመድም ለጎረቤትም የተሰበረ በርና መቆለፊያ ያለ ዋጋ የሚጠግኑ፣ በቁጣ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። አምላከ እስራኤል የደከመ ጎናቸውን ያሳርፍልን፤ በአባቶቻቸው በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ መካከል ቦታ ይስጥልን፤ የተናገሩትን ውሸት ሁሉ ከልባቸው ጋር መዝኖ ይቅር ይበልልን። ለእኛም መጽናናትን ያድለን።

ከኋላቸው የተዋቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ፣ ልጆቻቸው ይስራኤልና ኦሸራት፣ የልጅ ልጆቻቸውም እኛ ነን። እንደ ልጅ ያሳደጓቸው አቶ ታከለ ከእርሳቸው ቀድመዋል። ይህን ቃል ለማንበብ የቻልሁት ወይዘሮ አምሳለ ዛሬ ጧት ስለ ተነገራቸው ነው።

ብዙዎቻችሁ ለእርሳቸው የተዘጋጀው ወንበር ለምን ባዶ እንደ ሆነ እየጠየቃችሁ ነው። ጭቅጭቁ አላልቅ ሲል አባባ ሸዋርካብ «በቃችሁ፤ ለቅሶ በለቅሶ ላይ ይሻላል» ብለው ተነሡ። አባቴ በቀኝ፣ አክስቴ በግራ ተቀመጡ፤ እኔም ውሃና የልብ ክኒናቸውን ይዤ ቆምሁ። አባባ ሸዋርካብ እንደ ሥርዓቱ «አምሳለ ሆይ፣ ታከለም ታሞ ነበር» ብለው ጀመሩ፤ የቀረውንም ቀስ ብለው ተናገሩ። ወይዘሮ አምሳለ መቼ ነው፣ በምን ነው፣ የት ተቀበረ ብለው አልጠየቁም። አልጮኹም። አባባ ሸዋርካብን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ አክስቴን አዩ፣ እኔንም አዩ፤ እያንዳንዳችንን ለየብቻ ነው ያዩን። ያዘኑብን ይሁን ያዘኑልን ከፊታቸው መለየት አልቻልሁም። ከዚያ የሁለቱን ልጆቻቸውን እጅ ከላያቸው ላይ አንሥተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ደረጃውን በራሳቸው ወረዱ። ለቀብር የመጣው ሚኒባስ በሩን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር፤ አክስቴ «እማማ፣ በዚህ በኩል ነው» አለች። እርሳቸው ግን በበሩ አጠገብ አልፈው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ አያቴ ሐሙስ ሐሙስ ይሄዱበት የነበረውን የባቡር ጣቢያውን መንገድ ይዘው ሄዱ።